በግድግዳ የሚያልፈው ቁልፍ ሠሪ

አሁን ነገሩ በደህና ስላለፈ ይሳቅበታል። ባለቤቱማ ፀጉር ልትሠራ ለመጣች ሴት ሁሉ እየጨመረችና እያሳመረች ታወራዋለች፤ እሱም ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ እየሰማ ዝም ይላል። በዚያን ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። ስቆ ከነበረም በደቂቃ ውስጥ ሳቁን ውጦታል።

ሰውየው ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁን ሱቅ ካሉት ነው እንጂ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ከቆመ ሦስተኛው ውጭ ይቀራል። በአንድ በኩል የቁልፍ መቅረጫው ማሽን፣ በሌላው በኩል ሚስማር ላይ የተንጠለጠሉ ጥሬ ቁልፎች፣ ወለሉ ላይ ቢጠረግ ቢጠረግ የማያልቅ የነሐስ ብናኝ። መሀል ላይ እሱ፤ ሆዱ ትንሽ ቀደም ቀደም የሚል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ "መነጽሬን ማን ወሰደው?" የሚል ዓይነት ሰው። ከማሽኑ ኋላ፣ የደንበኛ ዓይን በማያርፍበት ጥግ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ለምን እንደሆነ ለጠየቀው "ለሥራ ነው" ብሎ ይመልሳል። ውሸቱን ነው።

ኮምፒውተሩ የጨዋታ ነው። ያውም የዛሬ ልጆች አይተው የሚስቁበት የድሮ የተኩስ ጨዋታ። እስክሪኑ ግርጌ ላይ ጠመንጃ የያዘ እጅ ይታያል፤ እጁ የተጫዋቹ ነው። ከፊት ለፊት ጠባብ መተላለፊያ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ በር፣ ከበሩ ኋላ ጭራቅ። ጭራቁ ከሩቅ ሲያዩት ያስፈራል፤ ቀረብ ሲሉት ግን በትናንሽ አራት ማዕዘን የተለጣጠፈ ነገር ነው። ቀይ በር በቀይ ቁልፍ፣ ሰማያዊ በር በሰማያዊ ቁልፍ ይከፈታል። ይኸው ነው ጨዋታው። ግን ሆዱን ከፍተው የፈለጉትን እንዲጨምሩበት ስለሚፈቅድ ይኸው እስካሁን አልሞተም። ዛሬም የራሳቸውን ቤት፣ የራሳቸውን ደረጃና የራሳቸውን ጭራቅ እየሠሩ የሚያስገቡበት ሰዎች አሉ። ቁልፍ ሠሪውም ከነሱ አንዱ ነው።

ከሱቁ ጋር የሚዋሰነው የባለቤቱ ፀጉር ቤት ነው፤ የሚለያቸው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ባሏ ሥራ ላይ መሆኑን ታውቃለች። ማሽኑ ዝም ካለ ሳንቃውን በማበጠሪያ ትቆረቁራለች።

"አንተ፣ ደግሞ ገባህ?"

"ኧረ ቁልፍ እየቆጠርኩ ነው!"

"ቁልፎቹ ማጓራት ጀመሩ እንዴ?"

የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች በሳቅ ይፈርሳሉ። እሱም ድምፁን ይቀንስና ይቀጥላል።

ጨዋታውን የለመደው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው። ልጆች ሆነው አጎታቸው ከመሥሪያ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር አምጥቶላቸው ነበር። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ልጆቹ ሁለት። ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር ደግሞ ከሁለቱም ጋር አልተፈጠረም። ስለዚህ አንዱን ተጫዋች ለሁለት ተካፈሉት፤ ታላቅየው በቁልፍ ሰሌዳው ይራመዳል፣ ታናሽየው በማውሱ ይተኩሳል። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣብቀው፣ አንዱ እግር አንዱ እጅ ሆነው፣ ስንቱን ጭራቅ ፈጁት። እናታቸው ከስፌቷ ቀና ብላ "ምን ዓይነት ጣጣ ነው ቤቴ ያስገባሁት!" ትል ነበር። ታላቅየው በዚህ የተነሳ መተኮስ ሳይማር ቀረ። እስከ ዛሬም አይችልበትም።

ሁለቱን ሆድና ጀርባ ያደረጋቸው የእናታቸው ሞት ነው። ታናሽየው ሌላ ከተማ ፋርማሲ ተምሮ የመጨረሻውን ፈተና ሊቀመጥ ሲል እናታቸው አረፈች። ቁልፍ ሠሪው ያን ቀን ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። የስንት ዓመት ልፋቱ በኔ አፍ መና ይቀራል አለ። ለዘመዱም ለጎረቤቱም "ማንም እንዳይነግረው" ብሎ አስጠነቀቀ። ታናሽየው ፈተናውን ጨርሶ ደስ ብሎት ቤቱ ሲመጣ እናቱ ከተቀበረች ቀናት አልፈዋል። አላለቀሰም፣ አልጮኸም። ወንድሙን ቀና ብሎ አየውና "እናቴን እንኳ እንዳልቀብር አደረግከኝ" አለው። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። ታናሽየው በዚያው ከተማ ፋርማሲስት ሆኖ ቀረ። ዓመታት ሄዱ፤ ያደጉበት የኪራይ ቤትም ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ።

"ደውልለት እንጂ" ትለው ነበር ባለቤቱ።

"ደውዬ ምን እላለሁ?"

"ይቅርታ በለዋ! ቋንቋው ጠፋህ?"

ቋንቋው ጠፍቶት አይደለም፤ አፉ አልታዘዝ አለው እንጂ። እጁ ግን ይታዘዛል። አንድ ቀን የጨዋታውን የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ከፈተና የፈረሰውን ቤት መሥራት ጀመረ። ደንበኛ ሲመጣ ቁልፍ ይቀርጻል፣ ደንበኛ ሲሄድ ግድግዳ ያቆማል። ግቢውን፣ የተጣመመውን ደረጃ፣ ዝናብ የሚያስገባውን ኮሪደር ሠራ። ጭራቆቹን በኮሪደሩና በግቢው አሰማራቸው። የእናቱ ክፍል ግን አንድም ጭራቅ አልገባበትም። እዚያ አልጋዋ፣ መስኮቷና የስፌት መኪናዋ ብቻ አሉ። የመጋረጃዋን ቅሪት ከሳጥን አውጥቶ በስልኩ ፎቶ አንስቶ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። በሯን ቀይ አደረገው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰው ጨርቅ ስትቆርጥ ሁለቱ እንደ ነፋስ እየገቡ ስለሚረብሿት በሯን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ስፌት መኪናው ላይ ታስቀምጠው ነበር። ቁልፍ ሠሪውም ይህን አልረሳም። ቀዩን ቁልፍ ቦታው ላይ፣ ስፌት መኪናው ላይ፣ በጥንቃቄ አስቀመጠው። ብልሃቱ ደስ ስላለው ሌላ ነገር አላሰበም፤ ማሰብ የነበረበት ግን እዚህ ላይ ነበር።

የሠራውን የሚሞክረው ደግሞ እንደ ሰው በበር እየገባ አይደለም። መተኮስ ስለማይችል ገና ግቢው ላይ ጭራቆቹ ይዘለዝሉታል። ይህ ጨዋታ ጥቂት ፊደላት ሲጽፉለት ግድግዳ የሚያሳልፍ ኮድ አለው። ቁልፍ ሠሪው ኮዱን ይጽፍና ከክፍል ክፍል እንደ ጭስ እየሰነጠቀ ያልፋል። ወንበሩ ተስተካክሏል? ተስተካክሏል። መብራቱ? ደህና ነው። የእናቱም ክፍል ገብቶ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ ይወጣል፤ በግድግዳው።

ሲጨርስ ፋይሉን በስልክ ለወንድሙ ላከው። ከሥሩ ምንም አልጻፈም። መላኩን እንደነካ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለ። ይህ ካልሠራ ሌላ መንገድ የለውም። ወንድሙ ይመልስለታል ወይ ለዘለዓለም ይቀራል፤ በቃ።

አንድ ቀን ዝም። ሌላም ቀን ዝም። በሦስተኛው ጠዋት የአንድ ደንበኛ ቁልፍ ማሽኑ ላይ አስሮ ሳለ ስልኩ ጮኸ። መልእክቱ አጭር ነበር።

"የእማዬ በር አይከፈትም። ገባኝ።"

ቁልፍ ሠሪው ክው አለ። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። እንዴት አይከፈትም? ስንት ጊዜ ገብቶ አይቶታል! ደግሞስ "ገባኝ" ማለት ምን ማለት ነው? የደንበኛውን ቁልፍ አጣሞ ቀረጸውና "ነገ ተመለስ" ብሎ ሸኘው። ከዚያ ሳንቃውን በጡጫው ደበደበ።

ባለቤቱ ፀጉር እየቀባች ነበር፤ የላስቲክ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። መልእክቱን አነበበች፣ እሱን አየችው።

"እስቲ ተጫወተው፣ እኔም ልየው።"

ቁጭ አለ። ኮዱን ጻፈ። ግቢውን ሰንጥቆ፣ ኮሪደሩን ሰንጥቆ፣ እናቱ ክፍል ገባ።

"ይኸው! ምን ችግር አለበት?"

"ቆይ፣ ቆይ። አሁን በምን ገባህ?"

"በግድግዳው።"

"ሰው በግድግዳ ይገባል?"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሞክረው። በበሩ ከሄድኩ ይገድሉኛል።"

"ይግደሉህ። እንደ ሰው ሂድ።"

ሄደ። ገደሉት። እንደገና ሄደ፤ ደረጃው ላይ ገደሉት። ባለቤቱ በጓንቷ ትከሻው ላይ ቀለም እያስነካች "ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ በል!" ትላለች። ካስክ ሥር የነበሩት ሴቶችም ፀጉራቸው እንደተጠቀለለ በሩ ላይ ተሰብስበው አንዷ "አይ፣ ይሄ ሰውዬ አይኖርም" ትላለች። በስንት መከራ፣ ነፍሱ በአፍንጫው ወጥታ፣ ቀዩ በር ጋ ደረሰ። በሩን ነካው። በሩ ቀይ ቁልፍ ጠየቀ።

"ቁልፉ የት ነው?" አለች ባለቤቱ።

"ስፌት መኪናው ላይ።"

"ስፌት መኪናውስ?"

ቁልፍ ሠሪው እስክሪኑን አፍጥጦ አየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

"ውስጥ" አለ በመጨረሻ።

ባለቤቱ ሳቋ አመለጣት። "ወይ ያንተ ነገር! የሰፈሩን በር ሁሉ እየከፈትክ የራስህን ቁልፍ ውስጥ..." አለችና ፊቱን ስታይ አፏን ያዘች። ሴቶቹንም በዓይኗ መለሰቻቸው።

እሱ አሁን "ገባኝ" የሚለው ቃል ገብቶታል። ወንድሙ ያንን ሁሉ ቤት አልፎ፣ ያችን ደረጃ ወጥቶ፣ እናቱ በር ላይ ደርሶ ተከልክሏል። አንድ ጊዜ ተከልክሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ በገዛ ወንድሙ እጅ፣ ታስቦበት፣ ተሠርቶበት የተከለከለ ነው የመሰለው። "በቁስሉ እንጨት ሰደድኩበት" አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም አልተነሳም። "የእማዬን አፈር፣ ስህተት ነው፣ ቁልፉን ውስጥ ረሳሁት" ብሎ ጽፎ ላከ። መልእክቱ ይነበብ አይነበብ አይታወቅም።

በዚህ መሀል ማዶ ካለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ።

"ልጄ፣ ድረስልኝ! ቁልፌን ውስጥ ትቼ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ። ምድጃ ላይ ድስት ጥጄአለሁ!"

ያን ቀን ቁልፍ ውስጥ መርሳት ተላላፊ በሽታ ሆኖ ነበር። ቁልፍ ሠሪው የመሣሪያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ተከተላቸው። ፎቁን ሲወጡ ያረረ ሽንኩርት ሽታ ተቀበላቸው። ከበሩ ፊት ተንበረከከ። ሽቦውን ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ፣ በሌላው እጁ ትንሿን ብረት ጨቁኖ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የውስጡን ሲዳብስ ስልኩ ጮኸ።

አልተንቀሳቀሰም። መንቀሳቀስም አይችልም፤ እጁን ከለቀቀ የያዘው ሁሉ ተመልሶ ይወድቃል። በበሩ ሥር ጭስ መውጣት ጀምሯል።

"ስልክህ እኮ ነው" አሉ መምህርቷ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"ላንሳልህ?"

እሺ ወይም እምቢ ሳይል መምህርቷ ከደረት ኪሱ አወጡትና ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። "ሃሎ? ቁልፍ ሠሪው በር እየከፈተ ነው፣ ኋላ ደውል" አሉና ጥርቅም አድርገው ዘጉት።

"ዘጉት?!" አለ ቁልፍ ሠሪው።

"አንተ በሩን ክፈት!"

በሩ ተከፈተ። መምህርቷ ወደ ውስጥ ዘለሉ፣ ምድጃው ጠፋ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ከድስቱ ግርጌና ከሽንኩርቱ በቀር የተጎዳ ነገር አልነበረም። እሱ ግን ድስቱንም መምህርቷንም ረስቶ ደረጃው ላይ ቆሞ እየደወለ ነው። ሁለተኛው ጥሪ ሳያልቅ ተነሳ።

"የማንን በር ነው ደግሞ የምትከፍተው?" አለ ታናሽ ወንድሙ።

ድምፁ ያው ነው፤ ትንሽ ወፍሯል እንጂ ያው ነው። ቁልፍ ሠሪው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ጫነ።

"ሃሎ? ትሰማኛለህ?"

"አለሁ። ስማኝ፣ ስህተት ነው፣ ቁልፉን..."

"አውቄያለሁ። ካርታህን ከፍቼ አየሁት። መጀመሪያማ ሰደብኩህ። እንዲያውም ጮክ ብዬ ነው፤ መድኃኒት ሊገዛ የቆመ ሰውዬ እሱን የሰደብኩት መስሎት ወጥቶ ሄደ። 'ደግሞ ዘጋብኝ' አልኩ። ከዚያ ምን ደብቆ ነው የከለከለኝ ብዬ በካርታ መሥሪያው ከፈትኩት። ቁልፉ ቁጭ ብሏል፤ ስፌት መኪናው ላይ!"

"እሷ የምታስቀምጠው እዚያ ነበራ።"

"ታዲያ ለዚያ አይደል የሳቅኩት። አንተ ሰውዬ፣ አሁንም በግድግዳ ነው የምታልፈው? እስካሁን መተኮስ አልቻልክም?"

"አልቻልኩም" አለ ቁልፍ ሠሪው። እፎይታው እንደ ሙቅ ውሃ ከአናቱ እስከ እግሩ ወረደ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"ቆይ ግን" አለ ታናሽየው፤ ድምፁ ተለወጠ። "ሳቅኩ ማለት ተውኩት ማለት እንዳይመስልህ። ያኔ ደውለህ 'ና' ብትለኝ ፈተናው ገደል ይግባ ብዬ እመጣ ነበር።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልደወልኩት። ግን መምረጥ የነበረብህ አንተ ነህ፤ እኔ ቀምቼህ መረጥኩልህ። አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።"

ከወዲያ በኩል የፋርማሲው መሳቢያ ሲዘጋ ተሰማ።

"ይቺን ለማለት ሙሉ ቤት መሥራት ነበረብህ?"

"አፌ እምቢ ቢለኝ ምን ላድርግ።"

ታናሽየው በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ "ንገረኝ" አለ።

"ምኑን?"

"የእማዬን የመጨረሻ ቀን። ከሰው ከሰው ነው የሰማሁት። ካንተ አልሰማሁም።"

ቁልፍ ሠሪው ነገረው። ጠዋት ባለቤቱ ፀጉሯን እንዳበጠረችላት፣ የትራሱን ልብስ ስፌት አገላብጣ አይታ "ይሄን የሰፋው ማን ነው፣ እጁ ይሰበር" እንዳለች ነገረው። ታናሽየው እየሳቀ "የሷ ነገር!" አለ። ሾርባውን አንድ ማንኪያ ቀምሳ ጨው አንሶታል ብላ እንደመለሰችው ነገረው። ከዚያ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ማስተካከል ጀመረ።

"ከዚያስ?" አለ ታናሽየው።

"ከዚያ አንተን ጠየቀች። 'ልጁ ፈተናውን ጨረሰ?' አለችኝ። ገና ነበርክ፤ ገና አልተቀመጥክም ነበር። እኔ ግን 'ጨርሷል እማዬ፣ አልፏል' አልኳት። 'ተመስገን' ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ሌላ አልተናገረችም። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለሚስቴም። ለእማዬ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ውሸት ነው።"

ታናሽየው እያለቀሰ እንደሆነ ከአተነፋፈሱ ይታወቃል። መድኃኒት ሊገዛ የመጣ አንድ ሰው ከኋላው ሲያናግረው ተሰማ፤ እሱ ግን አልመለሰለትም።

"አንተ፣ ስማ" አለ። "አልፌያለሁ እኮ። በሳምንቱ አልፌያለሁ። አልዋሸሃትም፤ ትንሽ ቀድመህ ነው የነገርካት።"

ቁልፍ ሠሪው እዚያው ደረጃው ላይ፣ ቦርሳውን ታቅፎ፣ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰ። ታናሽየውም ስልኩን አልዘጋም።